የግቢው ቴሌቪዥን

ተዘግቶ የከረመ የድሮ ቴሌቪዥን ሲከፈት የሚያወጣው ሽታ አለ። ከጀርባው ባሉት ቀዳዳዎች ሲገባ የኖረው የድሬዳዋ አቧራ ይግላል፤ ከፕላስቲኩና ከሽቦው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ክፍሉን ይሞላዋል። ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ የምድር ባቡር ሠራተኞች ግቢ ላደጉ ልጆች ይህ የምሽት ሽታ ነው። ውሃ ተርከፍክፎበት የቀዘቀዘ ግቢ፣ ደጅ የወጣ ምንጣፍ፣ ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና፣ ከዚያ ሁሉ ጋር ያ ሞቅ ያለ አቧራ ትዝ ይላቸዋል።

የቤቱ ታላቅ ልጅ ከአዲስ አበባ ለበዓል ስትመጣ አዲስ ሪሲቨር ይዛ ነበር። ዕቃው ከደብተር እምብዛም አይበልጥም። ከኋላው የኤችዲኤምአይ፣ ከፊቱ የፍላሽ መሰኪያ አለው፤ የሚተላለፈውን ፕሮግራም ይቀዳል፣ የተቀዳውን መልሶ ያሳያል። ሳሎን ውስጥ ቡፌው ላይ ያለው ደግሞ ሃያ አንድ ኢንች ሶኒ ትሪኒትሮን ነው፤ ከኋላው ያበጠ፣ ከላዩ ዳንቴል የለበሰ፣ ሁለት ሰው ካልተረዳዳ ከቦታው የማይነሳ። እናት ሪሲቨሩን በእጇ መዘን መዘን አደረገችው። «ይሄ ነው እንግዲህ ያንን የሚያሠራው?» አለች። ድሬዳዋ ውስጥ አንቱታ ብዙም አይወደድም፤ እናትም በዚህ ቤት «አንቺ» ናት፣ ጎረቤትም ሠራተኛም የሚጠራት «እማ» ብሎ ነው።

ቴሌቪዥኑ ወደዚህ ቤት የገባው እንደ አብዛኛው የድሬ ዕቃ በጅቡቲ በኩል ነው። ከተማዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ ለመግባት ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ሩዙም፣ ሽቶውም፣ ጨርቁም፣ ሬዲዮውም በዚያው መስመር መጣ። ቴሌቪዥኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ እዚሁ ለገሃር ሲወርድ አባት ራሱ ሄዶ ተቀብሎታል። እቤት ሲደርስ ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቆ ብርድ ልብሱን በቀስታ ገለጠው፤ ያን ብርድ ልብስ ልጆቹ ለብዙ ዓመት ለብሰውታል።

ከመግዛቱ በፊት አባት ደጋግሞ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ «መልቲ ነው ወይ?» ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ጅቡቲ የፈረንሳዮቹን የሥርጭት ሥርዓት፣ ሴካምን፣ ትጠቀም ነበር፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ፓልን። ሴካም ብቻ የሚያውቅ ቴሌቪዥን የኢትዮጵያን ሥርጭት ሲይዝ ቀለሙን ያጣዋል፤ ድምፁም የሚመጣው በሌላ ልክ ስለሆነ አንዳንዱ ምስል ያሳይና ዝም ይላል። መልቲ ሲስተም የተባለው ግን ሁለቱንም፣ የአሜሪካኖቹን ኤንቲኤስሲም ጭምር ይቀበላል። ያ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በኋላ ለአዲሱ ሪሲቨር ይጠቅማል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ያገሩን ሥርጭት ብቻ ከሚያውቁት ብዙዎቹ ተጥለው ይሄኛው እስከዛሬ የሰጡትን ምልክት ሁሉ የሚቀበለው አባት በዚያን ጊዜ ስለጠየቀ ነው።

ከሶኒው በፊት የግቢው ቴሌቪዥን የጎረቤት ነበር። በእንጨት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ እንደ ቁም ሳጥን በር ያለው፣ ጥቁርና ነጭ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ቀለም የተጨመረው በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ነው። ቀለሙ መጣ ከተባለ በኋላም ያ የእንጨት ሳጥን ለብዙ ጊዜ ግራጫውን ማሳየቱን ቀጠለ። ልጆቹ አባባ ተስፋዬን የሚያዩት እዚያ ነበር። ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት የተረቱ ሰው ናቸው፤ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ሲያርፉ በየከተማው ያዘኑት ጎልማሶች አብዛኞቹ የሚያስታውሷቸው የራሳቸው ባልሆነ ቤት መሬት ላይ ተቀምጠው ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። የቤቱ ባለቤት በሩን ሲከፍቱ ልጁ ሁሉ ዝም ይላል። የሳጥኑን በር የመክፈት ዕድል የሚሰጠው በዚያን ቀን ላልረበሸ ልጅ ነበር።

አባት ከዚያም የራቀ ትዝታ ነበረው። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲደረግ ከሁለቱ ምድቦች አንዱ የተጫወተው ድሬዳዋ ስታዲየም ነበር፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና የወቅቱ ሻምፒዮን ዛየር። ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ መንገዷን የጀመረችው እዚሁ ነው። አባት ይህን በቴሌቪዥን አላየውም፤ ከሥራ ወጥቶ በእግሩ ሄዶ ገብቷል። ስለ ኳስ በተነሳ ቁጥር «እኔ እኮ ሜዳው ላይ ነበርኩ» ይላል፤ ልጆቹም ሶኒው ፊት ተቀምጠው ይሰሙታል። በዓይኑ ያየውንና በመስታወት ያየውን በጣም ይለያቸው ነበር።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደጋ ላይ ያለችው ሐረር ስትቀዘቅዝ እሷ ትነዳለች። እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል፣ ከተማው የሚነቃው ፀሐይ ሲያዘነብል ነው። በሙቀቱ ወራት ሲመሽም ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ይወጣል። ሁለት ጎረምሶች ከግራና ከቀኝ ይይዙታል፣ መስታወቱ ወደ ደረታቸው ዞሮ፣ አንዱ ወደ ኋላ እየተራመደ፤ እናት ከፊት ከፊት እየሄደች ደረጃውን ትነግራቸዋለች። በረንዳው ላይ ባለ ጠረጴዛ ይቀመጣል፣ ገመዱ በመስኮት ይወጣል። ከዚያ ሰው በፈለገው በኩል ይቀመጣል። አንዱ ፊት ለፊት፣ አንዷ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ በጎን፣ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ፣ ሽማግሌዎች ከሩቅ ግድግዳ ተደግፈው።

ይህ አቀማመጥ የሚቻለው ቴሌቪዥኑ የድሮ ስለሆነ ነው። ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ብርሃኑን የሚያወጣው ከመስታወቱ ከራሱ ላይ ነው፤ ከየትም ጎን ቢታይ ቀለሙ አይለወጥም። ርካሹ ፍላት ግን ከጎን ሲያዩት ይነጣል፣ ፊት ይጠቁራል። ኳስም ሲሮጥ አሮጌው ጥርት አድርጎ ያሳያል፣ ጭራ አያስከትልም። ድሬ ውስጥ ሰው ፊት ለፊት ብቻ ተደርድሮ ቴሌቪዥን አያይም፤ በየጎኑ ተቀምጦ፣ እየተጫወተ፣ ቡና እያጣጣመ ነው የሚያየው። ለዚህ ዓይነቱ አቀማመጥ ከዚያ ከባድ ዕቃ የተሻለ በዚህ ግቢ እስከ አሁን አልታየም።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ጊዜም ሶኒው በረንዳው ላይ ነበር። ግቢው ውስጥ የነበሩት ሰዎች የራሳቸውን ከተማ፣ በእግራቸው የሚሻገሩትን አሸዋ፣ በዜና አዩት። አንዷ እናት ቤቷን በመስታወቱ ውስጥ ስታውቀው ጮኸች። እነዚያ ሰዎች ሁሉ አንድ መስታወት ፊት ባይሰበሰቡ ኖሮ ያን ጊዜ ማን ማንን ይዞ ያጽናናው ነበር? ታላቋ ልጅ ይህን እስከ ዛሬ ትጠይቃለች።

የግቢው ትልቁ ዘዴ ግን ገመዱ ነበር። የመጀመሪያው ሪሲቨር የተገዛው በመዋጮ ነው፤ ጣሪያ ላይ አንድ ዲሽ፣ እናት ቤት አንድ ሪሲቨር። ያ ሪሲቨር ከኋላው የአንቴና መውጫ ነበረው። ምስሉንና ድምፁን እንደ አንድ ትንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያ አድርጎ በአንቴና ገመድ ይልካል። ቴሌቪዥኑ ላይ ቻናል ፈልጎ መያዝ ብቻ ነው። የአንቴና ገመድ ደግሞ ሩቅ ይሄዳል፤ በግድግዳ ላይ ተስቦ፣ በመከፋፈያ ተቆራርጦ፣ ለሦስት ለአራት ቤት ይደርሳል። የእናት ሪሲቨር ያሳየውን ግቢው ሁሉ ያያል። ጣቢያ መቀየር የፈለገ በሩ ላይ ቆሞ ይጣራል፤ «እማ፣ ዜናው ጀምሯል እኮ!» እናትም ዓረብኛውን ፊልም አቋርጣ ወደ ዜና ትመልሳለች፣ ወይም ደግሞ «ቆይ ትንሽ ቀርቷታል» ትላለች።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ከዛምቢያ ሲጫወቱ ይህ ገመድ ምን እንደሆነ ታየ። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፤ ዛምቢያ አገባች። ከዚያ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። አራቱም ቤት በአንድ ቅጽበት ጮኸ። በአንድ ገመድ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ጎሉን እኩል ነው የሚያየው። ዛሬ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሪሲቨር፣ አንዳንዱ ዲኤስቲቪ፣ አንዳንዱ ስልክ አለው፤ እያንዳንዱም በራሱ ጊዜ ይዘገያል። የጎረቤት ጩኸት ይቀድማል፤ የራስ ጎል ከመምጣቱ በፊት መግባቱ ታውቋል። ከዚህ በላይ የሚያናድድ ነገር ለኳስ ወዳጅ የለም።

የለውጡ መነሻ ሰማይ ላይ ነው። ብዙዎቹ የአማርኛ ጣቢያዎች ለረጅም ጊዜ ይታዩ የነበሩት በናይልሳት ሳተላይት ነው። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር፣ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ሲገባ፣ የድሬ ዲሾች ሁሉ ፊታቸው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፀሐይ መግቢያ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ከሳተላይት ድርጅቱ ኤስኢኤስ ጋር ኢትዮሳትን አቋቋመ፤ ጣቢያዎቹም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደ ቆመችው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ሄዱ። ከድሬዳዋ ሆኖ ሲታይ ይህች ሳተላይት በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ከአናት ብዙም ሳትርቅ ናት። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ወደ አድማስ ያይ የነበረው ዲሽ ዞሮ ጋለል ማለት ነበረበት። በዚያ ሰሞን በየጣሪያው ላይ ሰው ነበር። አንዱ ከላይ ዲሹን በስሱ ይገፋል፣ አንዱ ከታች ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ «ጨምር… ጨምር… አቦ አለፈህ፣ መልስ!» ይላል።

ዲሹ ተገኘ፣ ጣቢያዎቹም ገቡ። ነገር ግን በኤችዲ የሚተላለፉት ላይ የእናት ሪሲቨር የሚገርም ነገር አደረገ። አንዳንዱ ጣቢያ ላይ ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። ሌላው ጨርሶ አይገኝም። የድሮ ሪሲቨር የሚፈታው የድሮውን የምስል አጨማመቅ፣ ኤምፔግ 2 የሚባለውን ነው፤ የአዲሶቹን ጣቢያዎች ምስል ለመፍታት አቅም የለውም። እናት ለተወሰነ ጊዜ ድራማውን እንደ ሬዲዮ ሰማችው። ተዋናዮቹን በድምፃቸው ለየቻቸው፤ ማን አለቀሰ፣ ማን በር ዘጋ ብላ ለጎረቤት ትተርክ ነበር። ልጇ አዲሱን ሪሲቨር ይዛ የመጣችው ይህን በስልክ ሰምታ ነው።

አዲሱ ሪሲቨር ከኋላው ሦስቱ ቀዳዳዎች የሉትም። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ይደረደሩበት የነበረው ቦታ ላይ ኤቪ የሚል ጽሑፍ ያለባት፣ የጆሮ ማዳመጫ የሚገባባትን የምታክል አንዲት ቀዳዳ አለች። ለዚያች የሚሆነው ገመድ በአንድ ጫፉ እንደ መርፌ ሹል ሆኖ ሦስት ጥቋቁር ቀለበት ያለበት፣ በሌላው ጫፉ ሦስቱ ቀለማት የተንጠለጠሉበት ነው። መሳቢያ ውስጥ ከድሮ የቪዲዮ ካሜራ የተረፈ አንድ ነበር። ልክ ገባ። ቴሌቪዥኑ ግን ጥቁር ሆኖ «እዝዝ» የሚል ድምፅ ብቻ አወጣ።

ሰፈር ውስጥ ዲሽ የሚሠራው ልጅ ተጠራ። ከባጃጁ ወርዶ፣ ቡናውን ተቀብሎ፣ ገመዱን ወደ ብርሃን አነሳው። «አይዞሽ እማ፣ ዕቃው ደህና ነው» አለ። ከዚያ ቢጫውን ነቀለና ቀዩን በቢጫው ቦታ ሰካው። ምስል መጣ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ነገሩ ተአምር የለውም፤ በዚያች ሹል ጫፍ ላይ ያሉት አራት ክፍሎች የትኛው ምስል፣ የትኛው ድምፅ እንደሚይዝ ፋብሪካዎች አልተስማሙም። የካሜራው ገመድ ምስሉን በሌላ ክፍል ይጠብቃል፣ ሪሲቨሩ በሌላ ይልካል። ቀለሙ የሚናገረው ስለ ገመዱ ፋብሪካ እንጂ ስለ ውስጡ አይደለም። ልጁ ይህን በየቤቱ ስላየው አያስበውም፤ እጁ ራሱ ያውቀዋል። እንዲህ ያለው እውቀት በዕቃ መመሪያ ላይ ብዙም አይጻፍም፤ ድሬዳዋን በቴሌቪዥን ያቆያት ግን ይህ እውቀት ነው ማለት ይቻላል።

ምስሉ ሲመጣ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። የድሮው መስታወት ወርዱ ከቁመቱ 4 ለ3 ነው፣ የዛሬው ሥርጭት 16 ለ9። ሰፊውን በጠባቡ ውስጥ ለማስገባት ሦስት መንገድ አለ። ሙሉውን አሳንሶ ከላይና ከታች ጥቁር መተው፤ ወይም ግራና ቀኙን ቆርጦ መሐሉን መሙላት፤ ወይም ደግሞ ሁሉንም አጨናንቆ ሰውን ማቅጠን። ሪሲቨሩ የመጀመሪያውን ሌተር ቦክስ፣ ሁለተኛውን ፓን ስካን ይለዋል። በመጀመሪያው ከመስታወቱ ሩቡ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ የፓል ቴሌቪዥን ከሚያሳያቸው 576 መስመሮች ለምስሉ የሚደርሱት 432 ብቻ ናቸው። በሁለተኛው ደግሞ የምስሉ ሩብ ይጣላል።

እናት ጥቁሩን አልፈለገችም። «መስታወቱን ሙሉውን ገዝተን ለምን ግማሹን ይዘጉብናል?» ፓን ስካን ተደረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥግ ላይ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ ጠፋ። የኳሱ ውጤት ጫፉ ብቻ ታየ። የጣቢያው ምልክት ተቆረጠ። ሁለት ሰው ሲነጋገር አንዱ አፍንጫው ብቻ ይቀራል። ሜኑው ራሱ ለትልቅ መስታወት የተጻፈ ስለሆነ ፊደሉ ከጉንዳን አንሶ ታላቋ ልጅ ተንበርክካ ነበር የምታነበው። ቢሆንም ምስሉ መስታወቱን ሞልቶታል፣ እናትም ደስ ብሏታል።

ገመዱስ? አዲሱ ሪሲቨር የአንቴና መውጫ የለውም። አዳዲሶቹ ያንን ትተውታል፤ የሚያስቡት ለአንድ ክፍልና ለአንድ ቴሌቪዥን ነው። ሦስቱ ጎረቤቶች በዚያ ምሽት ቻናላቸውን ሲከፍቱ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ አገኙ። ሁለቱ የራሳቸውን ሪሲቨር ለመግዛት ተነሱ። ሦስተኛዋ፣ ከእናት ጋር ከወጣትነት ጀምሮ ጎረቤት የሆነችው፣ ምንም ሳትል ወንበሯን ይዛ መጣች። ዲሽ ሠሪው በማግስቱ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄዶ ሞዱሌተር የሚሉትን፣ የኤቪውን ምልክት ወደ አንቴና የሚለውጥ ትንሽ ሳጥን ይዞ ተመለሰ። ገመዱ ዳግም ሠራ። ጎረቤቷ ግን ከዚያ በኋላም ወንበሯን ይዛ መምጣቷን አልተወችም።

የመቅዳቱ ነገር የራሱ ታሪክ ነው። ድራማዎቹ ቀን ይደገማሉ፤ ቀን ደግሞ ድሬ ተኝታለች። ስለዚህ ሪሲቨሩ እንዲቀዳ ሰዓት መሙላት ተለመደ። እናት ሪሞቱን ተማረችው፣ ሰዓቱን ግን በኢትዮጵያ ሰዓት ሞላችው። የምሽት 2 ሰዓቱን ድራማ 2:00 ብላ ጻፈች። ሪሲቨሩ በእሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነቅቶ ሲቀዳ አደረ። ጠዋት ሲታይ ሌላ ፕሮግራም፣ እሱም እስከ ንጋት። ልጇ በስልክ «እማ፣ ሃያ ብለሽ ጻፊ» ብላ ካስረዳቻት በኋላ ቡፌው ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ፤ በግራ የኛ ሰዓት፣ በቀኝ የሪሲቨሩ ሰዓት፣ በእናት የእጅ ጽሑፍ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እየተቀዳ ያለው ሁሉ ይበላሻል፤ ፍላሹ ላይ ስሙ ይቀመጣል፣ ሲከፈት ግን ምንም የለም። እናት ባለ ስም ባዶዎቹን አታጠፋም። «የጠፋው ሌላ ቀን ይመጣ ይሆናል» ትላለች።

በፊት ድራማው ሲጀምር ግቢው ይሰበሰብ ነበር፤ ያላየ አመለጠው፣ ነገ የሚሰማው ከጎረቤት አፍ ነው። «ሰው ለሰው» የተባለው ድራማ በሚታይበት ዘመን በዚያ ሰዓት ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ይሳሳ ነበር ይባላል። መቅጃው ያንን ሰዓት ይፈታል ተብሎ ነበር የተፈራው፤ ሁሉም በየጊዜው ያያል፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም። በዚህ ቤት የሆነው ሌላ ነው። እናት የሳምንቱን ድራማ ሰብስባ እሑድ ማታ ታሳያለች። በሥራ ምክንያት ያመለጣቸው ይመጣሉ፣ ያዩትም ደግመው ሊያዩ ይመጣሉ። ለቡና ስትነሳ ታቆመዋለች፤ ይህ ለሶኒው በዕድሜው ያልነበረ ጸጋ ነው።

ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ዓሊ ቢራ አረፈ። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ በአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጀምሮ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሌኛ፣ በአማርኛ፣ በዓረብኛ የዘፈነ፣ በዚህች ከተማ የሚነገረውን ቋንቋ ሁሉ በአንድ ጉሮሮ የያዘ ሰው። የተቀበረውም በዚሁ በትውልድ ከተማው ነው። እናት በቴሌቪዥን የታየውን የስንብቱን ሥርዓት ቀዳችው፤ በዚያን ቀን መብራት አልጠፋም። ሶኒው ላይ ደጋግመው አይተውታል። ሕዝቡ፣ ባንዲራው፣ ፀሐዩ፣ መኪናው ቀስ ብሎ ሲሄድ።

ከጊዜ በኋላ ትንሹ ወንድም ፍላት ቴሌቪዥን ገዛ፤ ሪሲቨሩ በኤችዲኤምአይ ከእሱ ጋር ተገናኘ። ለመሞከር የተከፈተው ፍላሹ ላይ ያለው ያ ቅጂ ነበር። መቅጃው የሚቀዳው ከሰማይ የመጣውን ሙሉውን ነው፤ የድሮው ቴሌቪዥን ቆርጦ ቢያሳየውም ፋይሉ ውስጥ አልተቆረጠም። ስለዚህ አሁን ምስሉ በግራም በቀኝም ሰፋ። ሕዝቡ መሐል፣ በግራ ጠርዝ፣ አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። የአባት የሥራ ባልደረባ ነበሩ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ብዙም አልቆዩም። እናት «አቁመው!» አለች። ተጠግታ አየቻቸው። ያን ቅጂ ስንት ጊዜ አይታዋለች፣ ሁልጊዜም እዚያው ነበሩ፤ ሶኒው ግን ቦታውን ቆርጦት ነበር።

በዚያው ምሽት ፓን ስካኑ እንዲነሳ ያዘዘችው እሷ ናት። «ጥቁሩ ይኑር፣ ሰው አይቆረጥብኝ።»

ሶኒውን ለመሸጥ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ቆራሌው ሁለት ጊዜ ጠይቋል፤ የሚፈልገው ከኋላ አንገቱ ላይ የተጠመጠመውን መዳብ ነው፣ መስታወቱ እርሳስ ያለበት ስለሆነ ማንም አይፈልገውም። አልተሸጠም። ሪሲቨሩ በሁለቱም መውጫ በአንድ ጊዜ ምስል ይሰጣልና አሁን ፍላቱ ሳሎን፣ ሶኒው በቋሚነት በረንዳው ላይ ነው። አንድ ችግር ብቻ ቀርቷል። የምስሉ ልክ ለሁለቱም አንድ ነው። 16 ለ9 ሲደረግ ሳሎን ይስተካከላል፣ በረንዳው ላይ ግን ሰው ሁሉ ይቀጥናል፤ ዜና አንባቢው ሸንበቆ ይሆናል። ሌተር ቦክስ ሲደረግ በረንዳው ደህና ሆኖ ሳሎን ያለው ምስል በአራቱም ጎን ጥቁር ከብቦት መሐል ላይ ይሰበሰባል።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። ቀን ቀን 16 ለ9 ይሆናል፣ ምክንያቱም ቀን ደጅ ማንም አይቀመጥም። ፀሐይ ስትገባ፣ ግቢው ውሃ ሲረጭ፣ የመጀመሪያው ወንበር ሲወጣ፣ ሪሞቱን የያዘው የልጅ ልጅ ሜኑውን ከፍቶ ወደ ሌተር ቦክስ ይቀይራል። ሳሎን ያሉት ልጆች «ኧረ አቦ፣ ትንሽ ቆይ!» ብለው ያጉረመርማሉ። ምስላቸው ሲጠብባቸው ግማሾቹ ትራሳቸውን ይዘው ወደ በረንዳው ይወጣሉ።